ቁም ሳጥን ውስጥ ባያትሎን

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን የሙሽሪት ጆሮ ባዳነቱን ትቶ የሥጋ ዘመድ ሆነና ስለ ራሷ የተባለውን አንድም ሳያስቀር አመጣላት። ነገሩ የሆነው ከምትሠራበት ቢሮ ጋር በየጠዋቱ በኢንተርኔት የሚያደርጉት አጭር ስብሰባ እንዳበቃ ነው። አስተባባሪው «መልካም የሥራ ቀን» ብሎ ሁሉንም ካሰናበተ በኋላ ማይክራፎኑን መዝጋት ረስቶ ኖሯል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እሷም የጆሮ ማዳመጫዋን ሳታወልቅ መልእክቶቿን እያየች ሳለች፣ አጠገቡ ላለ ሰው እንዲህ ሲል ሰማችው፦ «የዚችን የቁም ሳጥኗን ሴትዮ ሥራ መመለስ ሰለቸኝ። አንዷን ቃል ሁለት ጊዜ መለስኩባት። ፍሪጅ ውስጥ ካልሆነ በረዶ የት አይታ ታውቃለች? ዛሬ ከሰዓት አስተካክላ ካልላከች የበረዶ ስፖርቱን ዝርዝር በሙሉ ነጥቄ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።» ሌላኛው ሰው ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ አንደኛው ነገሩ ገባው መሰለ፣ መስመሩ ድርግም አለ።

ሙሽሪት በቁም ሳጥኑ ጨለማ ውስጥ በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። መጀመሪያ ሐሞቷ ፍስስ አለ። ቀጥሎ የመጣው ንዴት ነው፤ ንዴቱም ደህና አድርጎ መጣ። ቃሉን አበላሽታው ከሆነ አበላሽታዋለች፣ መመለሱም ያለ ነው። በረዶ አላየሽም ብሎ ነገር ግን ከየት የመጣ ነው? ዓሣ ነባሪም አይታ አታውቅም፤ ዓሣ ነባሪ የሚለውን ቃል ግን አሳምራ ብላዋለች፣ ማንም አልመለሰባትም። የቀዶ ጥገና መሣሪያዎችን ስም ሁሉ ስታነብ አንድም ሰው ሆድ ቀድደሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ አልጠየቃትም። ይህን ሁሉ ለራሷ ተናገረችና ቁም ሳጥኑን ከፍታ ወጣች፤ ላብ ጀርባዋን አጥቦታል።

ሥራዋ ይህ ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አነባበቡ የጨነቀው ሰው፣ ተማሪም ይሁን የሆቴል አስተናጋጅ፣ ስልኩ ላይ የድርጅቱን መዝገበ ቃላት ከፍቶ ቃሉን ይጽፍና የድምፅ ምልክቷን ነካ ያደርጋል። ያኔ አንዲት ሴት ቃሉን መጀመሪያ ቀስ አድርጋ፣ ቀጥላ በወጉ፣ በመጨረሻም ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብታ ትልለታለች። ያቺ ሴት ሙሽሪት ናት። ታስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው ይህን እንጀራ ያገኘችው። የማብሰያ ዕቃውን፣ የወፉን፣ የሕመሙን ስም ሁሉ ጨርሳ አሁን በረዶ ላይ ደርሳለች። ይህን ዝርዝር ያለ እንከን የጨረሰ ሰው የድርጅቱ ቋሚ ድምፅ ይሆናል ተብሏል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ቀን ሠራተኛ በየሳምንቱ ሥራ ይኖር ይሆን እያሉ መጠበቅ የለም። እሷም ቋሚ መሆን ትፈልጋለች፤ ለብሩ ብቻም አይደለም፣ ድምፅሽ የእኛ ድምፅ ነው ሲሏት መስማት ትፈልጋለች።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ እሷና ባሏ ይተኛሉ፣ በሌላው አማቷ። ባለ ሦስት በሩና ባለ መስታወቱ ቁም ሳጥን ለሠርጋቸው ከአማቷ የተበረከተ ነው። ከዝግባ ተሠርቶ አራት ሰው ተሸክሞት የገባ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ያየው ዕቃ ነው። ሙሽሪት ሥራውን ስትይዝ ስቱዲዮ መከራየት የማይታሰብ ሆነ፤ የማይክራፎኑ ዋጋ ብቻ የአንድ ወር የቤት ኪራይ ጠርጎ በላ። ስለዚህ ልብሱን አውጥታ ሻንጣ ውስጥ ከተተች፣ የቀረውን ሚስማር ላይ ሰቀለች። ፍራሽ ቤት ሄዳ አንድ ማዳበሪያ ቁርጥራጭ ስፖንጅ በሁለት ኪሎ ቲማቲም ዋጋ ገዛችና ድምፅ እንዲውጥላት የቁም ሳጥኑ ሆድ ላይ ከላይ እስከ ታች በሙጫ ለጠፈችው። አማቷ ጡረታ ወጥተው አብረዋቸው ሊኖሩ በመጡ ዕለት መጀመሪያ የከፈቱት በር የእሱ ነው። ከፈቱት፣ አዩት፣ ዘጉት። ከዚያ ቀን ወዲህ ለጎረቤት ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፦ «እኔ ቁም ሳጥን ሰጠሁ፣ እሷ ከነነፍሷ ገባችበት። የቁም ሳጥኗ ሴትዮ በሏት። ሥራ የላትም፤ እዚያ ውስጥ ተቀምጣ ብቻዋን ታወራለች።» አፋቸውን ሞልተው ነው የሚናገሩት። ስልክ ማዞሪያ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸውና ድምፃቸው ግድግዳ አያግደውም።

ሰፈሩ እማማ ይላቸዋል፣ እሷም እማማ ትላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ ሙሽሪት ይሏታል፤ ስሙም በዚያው ጸና። ይህ ቁልምጫ ከፍቅር ይሁን ከአሽሙር እሷ እስካሁን አልለየችም። በመካከላቸው ያለው ወሬ «ጨው አልቋል»፣ «በሩን ሳብ አድርጊው»፣ «ውሃ መጣ» ከሚለው አያልፍም። ባሏ ዳቦ የሚያከፋፍል መኪና ሾፌር ነው፤ ንጋት ላይ ይወጣል፣ ሲመጣም በእናቱና በሚስቱ መካከል እግሩን አለስልሶ የሚሄድ፣ እህል ሲቀርብለት ሁለቱንም እኩል የሚያመሰግን ሰው ነው። የዚያን ቀንም እሱ ወጥቷል። እማማ በራቸው ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ፤ ሬዲዮዋ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ጠፍታ አታውቅም።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። ባያትሎን የሚለው የበረዶ ስፖርት ስም ሲያዩት የዋህ ይመስላል። መጀመሪያው «ባይ» ነው፣ ማንም ይለዋል። ሁለተኛው ላይ ጫን ይባላል። ጉዱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምላስ በላይና በታች ጥርስ መሃል ጫፏን ብቅ አድርጋ ትንፋሽ ብቻ ታወጣለች። «ት» አይደለም፣ «ስ»ም አይደለም፤ ቀዳዳ ካለው ጎማ የሚወጣ አየር ነው የሚመስለው። እሱ ሳያልቅ፣ በመሃል ምንም ነገር ጣልቃ ሳይገባ፣ ምላስ ተመልሳ «ሎ» ላይ መውደቅ አለባት። እዚህ ላይ የብዙ ሰው ምላስ ትደክማለች፤ ትንሽ እስትንፋስ ታህል «አ» ትጨምርና ታርፋለች። ቋንቋው የእናት የአባታቸው የሆኑትም ሳይቀሩ ይህችን ማረፊያ ይሰርቃሉ ይባላል። መዝገበ ቃላቱ ግን አይፈቅድም። የመጀመሪያው ቅጂዋ የተመለሰው ከኋላ የብረት ድምፅ ይሰማል ተብሎ ነው፤ ሁለተኛው የተመለሰው በዚህች በተሰረቀች ማረፊያ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ግቢውን የሚጋራቸው በያጅ ብረት መቁረጫውን ሲያስነሳ እንኳን ማይክራፎን ድስትም ይንቀጠቀጣል፤ እሷም ብረቱ ረገብ ያለባትን ደቂቃ ለመሻማት ስትጣደፍ ምላሷ ትያያዛለች።

ከጠዋት ጀምሮ ደጋግማ ገባች፣ ደጋግማ ወጣች። አንዴ ቃሉ ሲያምርላት ሬዲዮው ውስጥ ያለው ሰው የአየር ጠባይ አወራባት። አንዴ ሁሉም ጸጥ ሲል ልቧ ራሱ ጆሮዋ ውስጥ ደለቀ፤ «በረዶ የት አይታ ታውቃለች» የሚለው ነገር በየመሃሉ እየመጣ ቃሉን ያበላሽባታል። ረፋዱ አለፈ። ምሳ ሳትበላ መስታወቱ ፊት ቆማ የምላሷን አቀማመጥ ማየት ጀመረች። ምላሷን ብቅ ታደርጋለች፣ ትንፋሽ ታወጣለች፣ ትመልሳለች። እንዲህ ስታደርግ እማማ መስታወቱ ውስጥ ከኋላዋ ታዩ።

«ለማን ነው ምላስ የምታወጪው? ለእኔ ነው?»

«ኧረ በፍጹም እማማ! ቃል እየተለማመድኩ ነው» ለማለት አፏን ከፈተች፣ እንባዋ ቀደማት። አልቅሳ ፊታቸው አታውቅም፤ ሁለቱም ደነገጡ። ሆድ ይፍጀው ብላ ልትተወው ነበር፣ ግን ጠዋት የሰማችው ነገር ቀን ሙሉ ሲብላላ ዋለና ገነፈለ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንድ ባንድ ነገረቻቸው፦ ማይክራፎኑን፣ ሳቁን፣ ፍሪጁን፣ ዛሬ ካልላከች የሚሆነውን። «የቁም ሳጥኗ ሴትዮ» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምጿ ቀነሰ፤ ይህን ስም እሳቸውም ለጎረቤት ሲሉት ሰምታዋለችና።

እማማ ነጠላቸውን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አደረጉት። «የቁም ሳጥኗ ሴትዮ አለሽ?» አሉ በመጨረሻ። «አዎ።» «እኔ ብልሽ የቤት ነገር ነው። እሱ ምን ቤት ነው?» አልጋው ላይ ከጎኗ ተቀመጡ፤ ከመጡ ጀምሮ እዚያ አልጋ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። «ማዞሪያ ላይ ሳለሁ አንድ ቀን ፈቃድ ልጠይቅ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጣሁ። ጸሐፊዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና እዚያ አግዳሚ ላይ ቁጭ በይ አለችኝ። ተቀመጥኩ። ተረስቼ ቀረሁ። ኋላ ሲሰለቸኝ በሩ ጋ ሄጄ እንደ ልማዴ ‹ሀሎ፣ ማዞሪያ ነው› አልኩ። ሰውየው ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ወጣ! ያን ሁሉ ዓመት አገር ምድሩን የሚያገኘው በዚያ ድምፅ ነዋ። ፊቴን ግን አያውቀውም። ድምፅ ራሱን የቻለ ሰው ነው፣ ሙሽሪት። ለመሆኑ ይሄ ያስለቀሰሽ ቃል ምንድን ነው?»

ሙሽሪት እንባዋን ጠረገች። የባያትሎን ተወዳዳሪዎች ረጃጅም ጠፍጣፋ ነገር እግራቸው ላይ አስረው በረዶ ላይ እንደሚሮጡ፣ ጀርባቸው ላይ ጠመንጃ እንዳለ፣ ልባቸው ደረታቸውን ሊቀድ ሲደርስ ቆመው ትንሽ ዒላማ እንደሚመቱ ነገረቻቸው። ጠመንጃው ላይ ስትደርስ እማማ ወደፊት ዘንበል አሉ።

«ልብ እየዘለለ?»

«እየዘለለ።»

«እጅስ አይንቀጠቀጥም?»

«ከባድነቱ እሱ ነው እማማ። ትንፋሻቸውን ያዝ አድርገው፣ ልብ ረገብ የሚልባትን ጠብቀው ነው ቃታውን የሚስቡት።»

«ታዲያ አንቺ ምን ሆነሽ በንዴት እየዘለልሽ ትተኩሻለሽ?» አሉና ተነሡ። «ፊትሽን ታጠቢ። አንድ ነገር ቅመሺ። ግቢውን ለእኔ ተዪው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሙሽሪት ሽንት ቤት አጠገብ ካለው ቧንቧ ፊቷን እየታጠበች ሰማችው፤ ግቢው በሙሉም ሰምቶታል። እማማ ወገባቸውን ይዘው በያጁ ፊት ቆመዋል። በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «እማማ፣ የሰው በር ነው፣ ባለቤቱ ዛሬ ይረከበኛል» ይላል። እማማ «እስካሁን ያለ በር ያደረ ሰው እስኪመሽ ቢጠብቅ ጅብ አይበላውም» ይላሉ። እሱ «ጅቡስ ምን ገዶኝ፣ ባለቤቱ ነው የሚበላኝ» ይላል፤ እየሳቀ ግን ሶኬቱን ነቀለ። ከዚያ እማማ ወደ ቤት ተመልሰው ፍሪጁን አጠፉ። ግድግዳ ላይ ያለችውን ሰዓት አወረዱና ባትሪዋን አወጡ። መጨረሻ ላይ ሬዲዮዋ ዘንድ ሄዱ። እጃቸው ጥቂት አመነታ፤ አጠፏት። ቤቱ እንዲህ ጸጥ ሲል ሙሽሪት ሰምታው አታውቅም፤ ምስጋና ልታቀርብ ጠጋ አለች። እማማ ደግሞ ምስጋናውን የሚጠብቁ አልነበሩም። በርጩማ ስበው ቁም ሳጥኑ ፊት ተቀመጡና በአገጫቸው ግቢ አሏት።

ገባች። ስፖንጁ ትንፋሿን ዋጠው። የመቅጃውን ምልክት ተጫነች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ልቧ እስኪረግብ ጠበቀች። ሩቅ አገር ያሉትን፣ በረዶ ላይ ተንበርክከው ዒላማቸውን የሚያዩትን ሰዎች አሰበች፤ ፊታቸው አልታያትም፣ ትንፋሻቸው ግን ተሰማት። መጀመሪያ ቀስ አድርጋ አለችው። ምላሷ ወጣች፣ ነፈሰች፣ የትም ሳታርፍ ቦታዋ ላይ ወደቀች። ቀጥላ በወጉ አለችው። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን አስከተለች፦ ባያትሎን ትዕግሥት የሚጠይቅ ስፖርት ነው፣ በእንግሊዝኛ። እንዳለቀ ገና ከአፏ ሳይጠፋ አወቀችው፤ እንዲህ አሳምራ ብላው አታውቅም። አስተማሪ ሳለች አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ዝም ብሎ ሲያዳምጣት የሚሰማት ዓይነት ኩራት ከእግሯ ጀምሮ ወጣባት። ማቆሚያውን ተጫነች። ልክ ያኔ አንድ ብርቱካን ሻጭ ድምፅ ማጉያውን እያስጮኸ ግቢ ገባ፤ እማማም ከተቀመጡበት ሳይነሡ ሰፈሩን የሚያናውጥ «ዝም በል! ብርቱካንህን ይዘህ ውጣ!» ለቀቁበት። ሙሽሪት ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሆና ሳቋ አመለጣት። ኢንተርኔቱ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሳይሄድባት ብላ ቅጂውን ሳታዳምጥ ላከችው።

ይህ ሥራ አንድ ሕግ አለው፦ ያላዳመጥከውን አትላክ። ሌላ ቀን ሁሉ እየደጋገመች ታዳምጥ ነበር። አሁን ግን ደስታዋን ለእማማ ለማካፈል ብላ ቀድሞ የሄደውን ስልኳ ላይ ከፈተችላቸው። እማማ ጆሯቸውን አስጠጉ። ቃሉ መጣ፣ ቀስ ብሎ። ቃሉ መጣ፣ በወጉ። ዓረፍተ ነገሩ መጣ። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ጥይት» አሉ። ወዲያው ግን ስልኩ ውስጥ «ዝም በል! ብርቱካንህን ይዘህ ውጣ!» የሚል ድምፅ ፈነዳ፣ የሙሽሪት ሳቅም ተከተለው። ማቆሚያውን የነካችው ጣቷ ለካ ስቶ ኖሯል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከስልክ ከወጣ ደግሞ ከአፋፍም ወዲያ ነው።

እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «አተርፍ ባይ አጉዳይ! እኔ ነኝ ያጠፋሁሽ» አሉ፤ ሙሽሪት እሳቸውን ሲያፍሩ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ሌላ ለመቅዳት ወደ ቁም ሳጥኑ ስትሮጥ ስልኳ ጮኸ። አስተባባሪው ነው። ቸኩላ ስትነካው የስልኩ ድምፅ ማጉያ ተከፈተ፤ ወሬው ለሁለቱም ይሰማ ጀመር።

«ቅጂሽ ደርሶኛል» አለ። «ቃሉ ንጹሕ ነው። ለተቆጣጣሪዎቹም አሰማኋቸው፣ ተቀብለውታል። ግን መጨረሻው ላይ ያለው ጩኸት ምንድን ነው? ማን ነው እሱ?»

ሙሽሪት እማማን አየች። እማማ እጃቸውን እያወዛወዙ «ሬዲዮ ነው በይው፣ ሬዲዮ» ይላሉ፣ ያለ ድምፅ፣ በከንፈር ብቻ። ሬዲዮ ነው ማለት ቀላል ነበር። ጠዋት ቢሆን ትለው ነበር።

«አማቴ ናቸው» አለች። «ዕድሜ ልካቸውን ማዞሪያ ላይ የሠሩ የድምፅ ሰው ናቸው። ቃሉ ንጹሕ የሆነው እሳቸው ግቢውን ስላስቆሙልኝ ነው። ጩኸቱ የእኔ ስሕተት ነው፣ ሳላዳምጥ ላክሁት፤ አሁን ቆርጬ እልክልዎታለሁ። ደግሞም ጠዋት ማይክራፎንዎ ክፍት ነበር።»

ሙሽሪት ይህን ስትል አልቸኮለችም።

«ሰማሽ ማለት ነው» አለ አስተባባሪው፤ ድምፁ ኮሰሰ።

«ሰማሁ። በረዶ አይቼ አላውቅም፣ እውነትዎን ነው። ቃሉን ግን ብዬዋለሁ ወይስ አላልኩትም?»

«ብለሽዋል።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። ያልኩት ልክ አልነበረም። ዝርዝሩ የአንቺ ነው፣ ማንም አይነካውም። የቀረውን እንደዚህኛው አድርገሽ ላኪ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሙሽሪት ልቧ ሙሉ ሆነ። ዞር ስትል እማማ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ያብሳሉ። «አቧራ ነው» አሉ ሳትጠይቃቸው። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ኮስተር ብለው «ስንት ቃል ቀረሽ?» አሉ። «ብዙ ነው እማማ።» «ታዲያ ምን ቆመሽ ታይኛለሽ?» አሏትና ከራሳቸው አልጋ ላይ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ገፍፈው አመጡ፤ ከገባች በኋላ የቁም ሳጥኑ በር ስንጥቅ ላይ ከውጪ አለበሱት።

ሙሽሪት መቅጃውን ከፈተችና የሚቀጥለውን ቃል አየች። እሱም የዋህ አይደለም። ትንፋሿን ሰብስባ ልትጀምር ስትል በያጁ ዕረፍቱ ያለቀ መስሎት ብረት መቁረጫውን አንዴ አስጮኻት። የእማማ እርምጃ ግቢውን አቋረጠ። ከዚያ ብርድ ልብሱንም፣ ዝግባውንም፣ ስፖንጁንም አልፎ፣ ያ አገር ያገናኘ ድምፃቸው ገባ፦ «ነግሬሃለሁ፣ እስኪመሽ እንዳትነካው! እዚህ ቤት ሰው ሥራ ላይ ነው!»

ማይክራፎኑ ይህንንም ቀድቶታል። ለቢሮው የሚሄደውን እንደ አዲስ ቀዳች፤ ይህችን ግን አላጠፋቻትም፣ ለራሷ አስቀመጠቻት።